ነብሩን ያጠብኩ ለት

አዲስ ነገር ወንጀል የሆነበት ቤት ውስጥ ነው የማድገው። አትደንግጡ፣ ሌቦች አይደለንም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ለንደን ያለን ሐበሾች አገር ቤት ላለ ዘመድ አንድ ነገር ገዝተን በመንገደኛ ስንልክ፣ ቦሌ ላይ የጉምሩክ ሰው ሻንጣውን ይከፍትና ዕቃውን ያገላብጣል። አዲስ ከሆነ ቀረጥ። ያገለገለ ከሆነ ግን "የራስዎ ልብስ ነው? ይለፉ" ይላል። ስለዚህ እኛ ዘንድ አንድ ዕቃ ከሱቅ ሲወጣ መጀመሪያ የሚደረግለት ነገር ማርጀት ነው። ወረቀቱ ይቀደዳል፣ ቁልፉ ይላላል፣ እጅጌው ይታሻል። አንዲት የእናቴ ጓደኛ ለወንድሟ የገዛችውን ጫማ፣ ከእግሯ በአራት ቁጥር የሚበልጠውን፣ ካልሲ ጠቅጥቃበት የሰፈራችንን የአርችዌይን ዳገት ሁለት ጊዜ ወጥታ ወርዳበታለች። መንገድ ላይ ፖሊስ አስቁሞ "ደህና ነሽ?" ቢላት "ጫማ እያስረጀሁ ነው" ብላ እውነቱን ነገረችው። ፖሊሱ እስከ አውቶቡስ ፌርማታ ድረስ ደግፎ ሸኛት።

እኔ ደግሞ ብርድ ልብስ እንዳስረጅ ታዘዝኩ። ማስረጀቱ ተሳክቶልኛል። ከታዘዝኩት በላይ ነው የተሳካልኝ። ልገድለው ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ብርድ ልብሱ የአባባ ነው። አባባ የእናቴ አባት ናቸው፤ ደብረ ብርሃን ይኖራሉ። ደብረ ብርሃን እንደምታውቁት የብርድም የብርድ ልብስም አገር ናት፤ በጉ እንኳ ብርድ ልብሱን ለብሶ ነው የሚዞረው። እንዲህ ካለ ከተማ ሰው "ብርድ ልብስ ላኩልኝ" ብሎ ሲጽፍ ምን ይባላል? አባባ ግን ጻፉ። "ቁርጥማቱ ብሶብኛል" ይላል ደብዳቤው። "እዚህ ያለው ብርድ ልብስ ይሞቃል፣ ግን ይከብዳል፤ ጉልበቴ ላይ ሲያርፍ ሰው የተቀመጠብኝ ይመስለኛል። ጎረቤቴ መሪጌታ ልጁ ከሮም የላከችለት አንድ ልብስ አለው። እንደ ድመት ሆድ የለሰለሰ ነው፣ ክብደት የለውም። አንድ ቀን አስነካኝ።"

እማዬ "አስነካኝ" የሚለው ላይ ስትደርስ ማንበቧን አቆመች። አባቷን ካየች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እኛ የያዝነው ወረቀት ከለንደን ያስወጣል እንጂ ቦሌ አያስገባም፤ ቢያስገባም አያስወጣም። ለምን እንደሆነ ትላልቆቹ የሚያወሩት በር ዘግተው ስለሆነ ዝርዝሩን እኔን አትጠይቁኝ። እኔ የማውቀው፣ እሷ ራሷ ልትሄድ ስላልቻለች በምትኳ የሚሄድ አንድ ለስላሳ ነገር መፈለጓን ነው።

ለሁለት ሳምንት ሰሜን ለንደንን አሰሰችው። የሱቁን ሁሉ ብርድ ልብስ በጉንጯ ነበር የምትፈትነው፤ ሻጮቹ "እዚሁ ልትተኛ ነው እንዴ?" እስኪሉ ድረስ። በመጨረሻ አንድ ገበያ ውስጥ አገኘችው። ጸጉሩ አውራ ጣት ያስሰጥማል፣ ሲዳብሱት ደግሞ በእጅ አቅጣጫ ይተኛል። መሀሉ ላይ አንድ ትልቅ ብርቱካናማ ነብር ተጋድሟል። ያገራችን ነብር ነጠብጣብ ነው ያለው፣ ይሄኛው ግን ሸንተረር ነው ብላት "የፈረንጅ ነብር ነው፣ ዝም በይ" አለችኝ። ከዚያ ወስዳ አጠገቡ ያለ ድንች ሻጭ ሚዛን ላይ ከድንቹ ቀጥሎ አስመዘነችው። ልክ ሁለት ኪሎ። እማዬ ድንች ሻጩን ልታቅፈው ምንም አልቀራት።

ሁለት ኪሎ የመሆኑ ነገር ለምን እንዲህ እንዳስደሰታት ለማወቅ ጋሽ ተሰማን ማወቅ ያስፈልጋል። ጋሽ ተሰማ ክላፋም የሚኖሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ከአብዮቱ በፊት የመጡ ስለሆኑ እንደልባቸው ይገባሉ፣ እንደልባቸው ይወጣሉ፤ እናታቸው ቤት ደግሞ ከአባባ ቤት በሁለት አጥር ነው የሚርቀው። ባቡር ጣቢያ ትኬት ሲፈትሹ ስለኖሩ ሰውን ሁሉ የሚያዩት "ትኬትህስ?" በሚል ዓይን ነው። በሄዱ ቁጥር ለእያንዳንዱ ቤት ሁለት ኪሎ ይፈቅዳሉ። ሁለት ኪሎ ከትንሽ የሚባል ነገር አያውቁም። ኮታቸው ኪስ ውስጥ መንጠቆ ያለው የእጅ ሚዛን ይዞራል፤ ሌላው ሰው ሰዓት እንደሚያወጣው እሳቸው ሚዛን ያወጣሉ። አንዴ የአንዲት የስትሪትሃም ሴት ሹራብ ትንሽ ቢያልፍባቸው "አንዱን እጅጌ ታስቀረው" ብለው ፈርደዋል አሉ። ሰኞ ይበራሉ። እሑድ ከቀትር በኋላ መጥተው ይመዝናሉ። ከሳቸው ሌላ በዚህ ዓመት ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄድ ሰው የለም።

ቅዳሜ ጠዋት እማዬ ወደ ሥራ ስትወጣ (ሆስፒታል ነው የምታጸዳው) በሩ ላይ ቆማ መመሪያ ሰጠችኝ።

"ስሚኝ። ውሃ አስነኪው። አስነኪው ነው ያልኩት! ትንሽ ሳሙና፣ ትንሽ እሽት፣ ከዚያ ታሰጪዋለሽ። ያገለገለ ይምሰል፣ በቃ።"

"እሺ እማዬ።"

"እሺሽ ነው የሚያስፈራኝ" ብላ ሄደች።

ገንዳውን ሞላሁና ነብሩን ከተትኩት። አልሰጥም አለ። ጸጉሩ ውስጥ አየር ይዞ እንደ ጉማሬ ጀርባ ተነፍቶ ተንሳፈፈ። በቀኝ ስጫነው በግራ ብቅ ይላል፤ ጭራውን ስደፍቀው ጭንቅላቱ ይወጣና ያፈጥብኛል። አንድ አምስት ደቂቃ እንደታገልን ሐሳቡን ለወጠና መጠጣት ጀመረ። እንዴት ያለ መጠጣት! የሞላሁት ገንዳ ዓይኔ እያየ ጎደለ። ደግሜ ሞላሁ፣ ደግሞ ጠጣ። ሦስተኛውን ቀስ እያለ እንደ ጠጅ አጣጣመው።

ቀጥሎ "ትንሽ ሳሙና" የምትለዋ ትእዛዝ መጣች። እስቲ ፍረዱኝ፣ ለነብር ትንሽ ስንት ነው? ለመሀረብ የሚበቃው ትንሽ ለነብር አንድ ጥፍር አያጥብም። በዚህ ስሌት ካርቶኑን ገለበጥኩት። የተረፈውንም ለጭራው ብዬ አራገፍኩለት።

እሽቱ ላይ ግን ባለሙያ ነኝ ብዬ ነው የገባሁት። ጋቢ እንዴት እንደሚታጠብ እማዬ ስትተርክልኝ ነው ያደግኩት። ወንዝ ዳር ነው፣ ቀሚስን ሰብሰብ አድርጎ፣ በባዶ እግር እየረገጡ፣ ሴቶቹ በዘፈን እየተቀባበሉ። እኔ ወንዝ የለኝ፣ ሴቶች የሉኝ። ገንዳና ቴፕ ግን አለኝ። ካሴቱን ከፈትኩ፣ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ጠቀለልኩ፣ ነብሩ ጀርባ ላይ ወጣሁ። መጀመሪያ በቀስታ ነበር። ዘፈኑ ሲሞቅ እኔም ሞቅሁ። ትከሻዬ ሳላዘው ጀመረ። አረፋው ከቁርጭምጭሚቴ ወደ ጉልበቴ፣ ከጉልበቴ ወደ ገንዳው ጠርዝ፣ ከጠርዙ ወደ ወለሉ ተሻገረ። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ ይላሉ፤ ያን የተረተ ሰው አርችዌይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሳሙና ገልብጦ አልወቀጠም። የኔው ግድግዳ ድረስ ነበር እምቦጭ የሚለው።

መሀል ላይ ከእግሬ ሥር ዱም፣ ዱም፣ ዱም የሚል ድምፅ መጣ። ዘፈኑ ከበሮ ጎድሎት ነበርና ደስ አለኝ። ዱም ሲል እረግጣለሁ፣ ስረግጥ ዱም ይላል። ምታችን እንዴት ገጠመ መሰላችሁ! እየፈጠነ ሲመጣ እኔም ፈጠንኩ። ከዚያ ከበሮው ድንገት ቆመና፣ ትንሽ ቆይቶ በራችን ተንኳኳ።

ከሥራችን የሚኖሩት ሚስስ ኬሊ ነበሩ። ባላቸው የሞቱባቸው የአየርላንድ ሴትዮ ናቸው። በእንግሊዝኛ አንቱታ ባይኖርም እኔ በልቤ እርስዎ ነው የምላቸው። በአንድ እጃቸው የመጥረጊያ እንጨት ይዘዋል። ከበሮው የት እንደነበር ያኔ ገባኝ።

"ልጄ፣ ፎቅ ላይ ፈረስ መያዝ ጀመራችሁ?"

"አይ ሚስስ ኬሊ፣ ነብር ነው።"

"ኩሽናዬ ውስጥ እየዘነበ ነው። እኔ እኮ አገሬን ጥዬ የመጣሁት ዝናብ ሸሽቼ ነበር።"

እንዲህ እያሉ እያለፉኝ ገቡና መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆሙ። አረፋው ውስጥ ከነብሩ አንድ ዓይን በቀር የሚታይ ነገር የለም።

"ይሄ አዲስ አይደለም እንዴ?"

"አዲስ ነው።"

"ታዲያ ለምን ታጥቢዋለሽ?"

"አሮጌ እንዲሆን።"

ሚስስ ኬሊ ለማሰብ የሽንት ቤቱ ክዳን ላይ ቁጭ አሉ። እኔም የአባባን ጉልበት፣ የመሪጌታን ብርድ ልብስ፣ የጉምሩኩን ሰው፣ የጋሽ ተሰማን ሚዛን ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው። ጉምሩክ የምትለዋን ቃል ሲሰሙ ዓይናቸው በራ።

"ጉምሩክ ነው እንዴ ነገሩ? እኔ በልጅነቴ ስንት ኪሎ ቅቤ በኮቴ ሥር አድርጌ ድንበር እንዳሻገርኩ ታውቂያለሽ? በሙቀት ቀን አንዴ እስከ ካልሲዬ ድረስ ቀልጦብኛል። በይ እልፍ በይ!" አሉና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

ሰው ስንት ዓመት ከአንድ ጣራ ሥር ኖሮ ከሥሩ ኮንትሮባንዲስት መኖሩን አያውቅም።

አረፋውን ለማጥፋት ስድስት ውሃ ፈጀብን። ከዚያ ነብሩን ከገንዳው ማውጣት መጣ። ሁለት ሆነን ጎትተን ኮሪደሩ ላይ አነጠፍነው፤ ክብደቱ አሁን የድመት ሆድ ሳይሆን የበሬ ሬሳ ነው። ጋቢ የሚጨመቀው በሁለት ሰው ነው፤ ጫፍና ጫፍ ይዞ አንዱ ወደዚህ አንዱ ወደዚያ መጠምዘዝ ነው። ይህንንም ለሚስስ ኬሊ አስተማርኩ። እሳቸው የፊት እግሮቹን ያዙ፣ እኔ ጭራውን። ጠመዘዝን፣ ጠመዘዝን፣ ጠብታ የለም። ለካስ ሁለታችንም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የምንጠመዝዘው፤ ነብሩ በአየር ላይ እንደ ጥብስ ይገላበጣል። አቅጣጫ ስንለዋውጥ ነብሩ እንደ ገመድ ከረረ፣ ውሃው ወረደ፣ ሚስስ ኬሊ "ድል!" ብለው ጮኹ። የጮኹት ግን እጃቸውን ለቀው ነበር። የከረረ ነብር በአንድ ጫፉ ሲለቀቅ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ? እኔ አሁን አውቃለሁ። በጥፊ ይመታል።

የማድረቁን ነገር በአጭሩ ልንገራችሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ምክንያቱም ረጅም ነው። መጀመሪያ በረንዳው ብረት ላይ ሰጣነው። ፀሐይዋ ወጣች፣ ለጤና ይስጥልኝ ያህል ብቅ አለችና ገባች። ዝናቡ ደግሞ ሊጠይቀን መጥቶ ሊሄድ አልቻለም። ከታች የምታልፍ አንዲት ሴት ቀና ስትል ከሦስተኛ ፎቅ ነብር እያንጠባጠበ ሲያያት ዣንጥላዋን ዘርግታ ሮጠች። መልሰን አስገባነው። በጸጉር ማድረቂያ ሞከርኩት፤ ግማሽ ሰዓት ነፍቼ አንድ ጆሮ ደረቀ። በዚህ ሂሳብ ጭራው ጋ የምደርሰው ለፋሲካ ነው።

"ላውንድሬት እንውሰደው" አሉ ሚስስ ኬሊ። በሳንቲም የሚሠራ የሰፈር ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው፤ ትልልቅ የማድረቂያ ማሽን፣ ድራየር፣ አለው። ነብሩን የገበያ ጋሪያቸው ላይ ጠቅጥቀን፣ ጭንቅላቱ አልገባ ብሎ ወደ ውጭ እንደተንጠለጠለ፣ በዝናብ መንገዱን ይዘን ወረድን። ከኋላችን እንደ ቀንድ አውጣ የአረፋ መስመር እየተውን ነው የምንሄደው። ላውንድሬቱ ውስጥ ልብሳቸው ሲሽከረከር ፈዘው የሚያዩ ሰዎች ሁሉ ዞሩ። ነብሩን ድራየር ውስጥ ከተን በሩን በትከሻችን ገፍተን ዘጋነው። ሙቀቱን ያስተካከሉት ሚስስ ኬሊ ናቸው። መነጽራቸው ቤት ነበር።

ነብሩ መዞር ጀመረ። ፊቱ በመስታወቱ በኩል በየተራ ብቅ ይላል፤ ብቅ ባለ ቁጥር እየተናደደ የመጣ መሰለኝ። እኛ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለን እየተሳሳቅን ብስኩት እንበላለን። ሚስስ ኬሊ የቅቤውን ታሪክ እንደገና ከመጀመሪያው ሲነግሩኝ፣ ካልሲያቸው ጋ ሳይደርሱ፣ አንድ ሽታ መጣ። ጸጉር ሲቃጠል ያለውን ሽታ የማያውቅ ሐበሻ ልጅ የለም፤ ጸጉሬን በጋለ ማበጠሪያ ስንት ጊዜ ተተኩሻለሁ! ዘልዬ ከፈትኩት።

ከውስጡ የወጣው ብናኝ ሁሉንም ሰው ብርቱካናማ አደረገው። አንድ ሽማግሌ ቅንድባቸው ተለወጠ። ነብሩ ግን... እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። የአንድ ጉንጩ ጸጉር ቀልጦ ተኮማትሯል። አንድ ዓይኑ ተጨፍኗል። ሌላው ገላው ደግሞ ቁጥርጥር ብሎ የነብር ቁርበት የለበሰ በግ መስሏል። ይህ ሁሉ ሆኖ እጄን ወደ ውስጥ ባስገባው ተጣጥፎ የነበረው መሀሉ እንዳለ እርጥብ ነው። ከላይ አሮ ከውስጥ ያልበሰለ፤ የችኩል ሰው ዳቦ።

"ደግሞ ብናሞቀው..." አሉ ሚስስ ኬሊ በቀጭን ድምፅ።

"ይተዉት ሚስስ ኬሊ። በሕይወት እያለ ወደ ቤት እንውሰደው።"

እማዬ ስትመጣ ነብሩን በሁለት በሮች ላይ ወጥሬ፣ ሂተሩን ከሥሩ አድርጌ፣ በመጽሐፍ እያራገብኩት ነበር። ኮቷን ሳታወልቅ ቆመች።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ነብሩ።"

"የቱ ነብር?"

ቀረብ ብላ ጉንጩን ነካችው። የተጨፈነውን ዓይን በጣቷ ልትከፍትለት ሞከረች። አልተከፈተም።

"ያገለገለ ይምሰል አልኩሽ እንጂ የዘመተ ይምሰል አልኩሽ?"

ልስቅ ነበር። ግን ፊቷን አየሁት። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ የብርድ ልብሱን ጫፍ ጉልበቷ ላይ ሳበችና በመዳፏ ዳበሰችው። "የሚለብሱት እኮ አባቴ ናቸው" አለች፤ ለኔ አይደለም የምትናገረው። በዚያች ደቂቃ ብትቆጣኝ፣ ብትቆነጥጠኝ፣ ከመቶ ነብር ጋር ገንዳ ውስጥ ብትዘጋብኝ እመርጥ ነበር። እኔ እየዘፈንኩ ስረግጠው የዋልኩት፣ ለካስ እሷ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ልትዳብሰው ያልቻለችውን ጉልበት ነው።

ከመኝታ ቤት ሚዶዬን አምጥቼ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና ከጭራው ጀምሬ ማበጠር ያዝኩ። ቁጥርጥሩ ይጠብቃል፣ ግን ይፈታል። ከሥር ከሥር፣ ቀስ እያሉ። የተፈታው ቦታ ላይ ጸጉሩ መልሶ ቆመ። እማዬ ትንሽ አየችኝና የራሷን ማበጠሪያ ይዛ ከጭንቅላቱ ጀመረች።

"እንዲህ አይያዝም፣ ከጫፉ ጀምሪ። የሰው ጸጉር ነው እንጂ ሣር አይደለም።"

"የነብር ነው።"

"አፍሽን ያዢና አበጥሪ።"

ሆዱ ላይ ስንገናኝ ጭራውን ሹሩባ ሠርቼለት እንደነበር አየች። ከንፈሯን ነክሳ ለመቆጣት ታገለች፣ ግን አፍንጫዋ ከዳት። እንደዚያ ስትስቅ ሰምቼያት አላውቅም። ቢሆንም ሹሩባውን አስፈታችኝ።

እሑድ ጋሽ ተሰማ በሰዓታቸው ደረሱ። በሰዓታቸው ስል፣ የተናገሩት ደቂቃ ሲመታ ነው በሩ የሚመታው። ነብሩን አዩ። ትኬት የተቀደደበት ሰው እንደሚያዩ አዩት። ሚዛናቸውን አወጡ፣ በገመድ ያሰርነውን ጥቅል መንጠቆው ላይ ሰቀሉት፣ ዓይናቸውን አጠበቡ።

"ሁለት ኪሎ ከስድስት መቶ።"

"ጋሼ፣ ውሃ ነው እኮ! መሀሉ ትንሽ አልደረቀም። እስኪደርሱ ይደርቃል" አለች እማዬ።

"ውሃም ኪሎ አለው፣ ልጄ። አውሮፕላኑ ውሃውን ለብቻው አይጭነውም።"

"አርብ ዕለት ልክ ሁለት ኪሎ ነበር። ድንች ሻጩ ምስክሬ ነው።"

"ድንች ሻጩ ነገ ሂትሮው ላይ አይኖርም። ሻንጣዬ በግራም ሞልቷል። ለአንቺ ብፈቅድ የስትሪትሃሟ ሴትዮ እጅጌዋን መልስልኝ ትለኛለች።"

እማዬ አልተከራከረችም። ያ ነው ያስፈራኝ። ጥቅሉን ከመንጠቆው አወረደችና እንደ ተኛ ሕፃን ክንዷ ላይ አደረገችው። "እውነትዎን ነው ጋሼ። ይቅር። ሌላ ጊዜ" አለች። ሌላ ጊዜ ማለት የሚቀጥለው ዓመት ነው። የአባባ ጉልበት ደግሞ የሚቀጥለውን ዓመት የሚያውቀው ነገር የለም።

አፌን መያዝ አልችልም፤ ይህን እስካሁን አውቃችሁልኛል። ዓይኔ የጋሽ ተሰማ ትልቁ ካፖርት ላይ አረፈ።

"ጋሼ፣ ካፖርትዎ ስንት ኪሎ ነው?"

"ካፖርት አይመዘንም።"

"ለምን?"

"ሕጉ ነዋ! ሰው የለበሰው ነገር አይመዘንም፤ አይፈተሽም፤ ቀረጥም የለበትም። ሰው የለበሰው የራሱ..." አሉና ቆሙ።

ሦስታችንም ነብሩን አየነው።

"አይሆንም" አሉ ጋሽ ተሰማ።

እኔ የጥቅሉን ገመድ መፍታት ጀመርኩ።

"እኔ ዩኒፎርም የለበስኩ የመንግሥት ባቡር ሠራተኛ ነኝ።"

እማዬ ጥቅሉን ክንዷ ላይ እንዳደረገች ነበረች።

"ሰው ምን ይላል?" ብለው ጠየቁ፤ የጠየቁት ግን ሚዛናቸውን ነው። ሚዛኑ ባዶውን ተንጠልጥሎ ዜሮ ላይ ነበር። በረጅሙ ተነፈሱ። "እሺ። ግን ነብሩ ወደ ውስጥ ይዙር። ሰው እንዳያየው።"

ለበሱት። ወደ ውስጥ የዞረው ወገን እርጥቡ ስለነበረ ጀርባቸውን እንደነካቸው ዘለሉ። ለጤናቸው ሲባል ነብሩ ወደ ውጭ ዞረ።

ሰኞ ጠዋት እኔና እማዬ ሂትሮው ድረስ ሸኘናቸው። ሚስስ ኬሊም "ኮንትሮባንድ ሲያልፍ ካላየሁ አልሞትም" ብለው መጡ። ጋሽ ተሰማ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ክራቫታቸውን አስረው፣ ነብሩን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ አንገታቸውን እንደ ጳጳስ አቅንተው ገቡ። ሻንጣቸው ተመዘነ፤ ልክ ነው። ጀርባቸው ላይ ያለውን ማንም አልጠየቀ። ከኋላ ስናያቸው አንድ ዓይና ነብር እያፈጠጠብን፣ በየእርምጃው ትንሽ ብርቱካናማ ብናኝ እየጣለ ራቀ። እማዬ ነብሩ እስኪጠፋ እጇን አውለበለበች።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ጋሽ ተሰማ ተመለሱ። ቤታችን ገብተው ሳይቀመጡ ነው የጀመሩት፤ በቁጣ ነበር።

"አዘነልኝ!" አሉ። "የጉምሩኩ ልጅ! እኔን!"

ነገሩ ይህ ነው። ቦሌ ላይ ተራቸው ሲደርስ አንድ ወጣት የጉምሩክ ሰው ሻንጣቸውን ሊከፍት እጁን ሰደደና ቀና ብሎ አያቸው። ነብሩን አየ። ያረረ ጉንጩን፣ የተጨፈነ ዓይኑን ረዘም አድርጎ አየ።

"አባቴ፣ ከየት ነው የመጡት?"

"ከለንደን።"

"ስንት ዓመት ተቀመጡ?"

"ሃያ ሁለት።"

"ሃያ ሁለት ዓመት" አለና ልጁ ራሱን ነቀነቀ። እጁን ከሻንጣው ላይ አነሳ። "ይለፉ አባቴ፣ ምንም አልፈትሽም። አገርዎ ገብተዋል፤ ከእንግዲህ ይደላዎታል።" ሻንጣቸውንም እስከ ውጭ ድረስ ተሸከመላቸው።

እማዬ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ እኔ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። ጋሽ ተሰማ እንዳንስቅ በጣታቸው እያስጠነቀቁን ራሳቸው አፈነዱት። ሳቁ ሲበርድ ግን እማዬ የቀሚሷን ጫፍ እያፍተለተለች፣

"አባባስ?" አለች።

"ኧረ እሳቸውም ጉዳቸው ነው። እንደለበስኩት ነው ቤታቸው የገባሁት። አውልቄ ጉልበታቸው ላይ ጣል አደረግሁላቸው። በእጃቸው ብቻ እንዲህ፣ እንዲህ ዳበሱት። እኔ ስለ አንቺ መናገር ጀመርኩ፤ ስለ ሥራሽ፣ ስለዚች ቀበጥ ልጅሽ፣ ስንት የያዝኩት ወሬ ነበረኝ! ዞር ብዬ ሳይ ተኝተዋል። ወሬዬን ሳልጨርስ!"

እማዬ ወንበሯን ወደሳቸው ሳበች።

"እስቲ እንደገና ይንገሩኝ፣ ጋሼ።"

"ምኑን? የጉምሩኩን?"

"አይደለም። የተኙበትን።"

ጋሽ ተሰማ ነገሯት። ሦስት ጊዜ ነገሯት። በሦስተኛው ትረካቸው ላይ አባባ ማንኮራፋትም ጀመሩ።